ላቦራቶሪ በሌለበት ሳይንስን ማስተማር



በከሰላና በገዳሪፍ አካባቢ ባሉት የስደተኛ ካምፖች በአንደኛ ደረጃ ከምናስተምረው መካከል ብዙዎቻችን 12ኛ ክፍል ጨርሰን እንጂ የመምህራን ኮሌጅ ገብተን የወጣን አይደለንም። በአገር ቤት መምህር የነበሩም አሉ፤ ነገር ግን ቁጥራቸው ከልጆቹ ብዛት ጋር አይመጣጠንም። በዚህም ምክንያት በዓመቱ መጀመሪያ የትምህርት ዓይነት ሲደለደል አንድ የታወቀ ነገር ይታያል። ቋንቋውንና ሒሳቡን ነባሮቹ ቀድመው ይይዙታል፤ ሳይንሱ ግን አዲስ ለገባው ይተርፋል። የሚሰጠውም ምክንያት ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ዕቃ የለም፣ ላቦራቶሪ የለም፣ በምን ይስተማራል?» የሚል ነው። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ከተነሳ ወዲህ ደግሞ ጠመኔና ደብተር ማግኘት እንኳ ስለከበደ ይህን የሚል ሰው በዝቷል።

ይህ ጽሑፍ ሳይንሱ ለተረፈለት መምህር የተዘጋጀ ትምህርት ነው። ወላጆችም ብታነቡት መልካም ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዕቃዎች በሙሉ የሚገኙት በእናንተ ቤት ስለሆነ፣ ልጆቻችሁ ነገ መጥተው ባዶ ሃይላንድና አሮጌ ነጠላ ቢጠይቋችሁ ለምን እንደሆነ ከወዲሁ ታውቁታላችሁ።

በመጀመሪያ ግን ችግሩ የዕቃ እጦት ብቻ እንዳልሆነ መነጋገር አለብን። መምህር የሚያስተምረው እንደተማረው ነው። እኛስ እንዴት ተማርን? መምህሩ ይገባና ሰሌዳው ላይ «ሳይንስ ማለት» ብሎ ይጽፋል፤ እኛ እንገለብጣለን፤ በማግስቱ በአንድ ድምፅ እንወጣዋለን። «በምልከታና በሙከራ የሚገኝ ዕውቀት ነው» ብለን ስንጮህ አንድም ነገር ተመልክተን፣ አንድም ነገር ሞክረን አናውቅም። ሁለተኛ ደረጃ ስንደርስ ደግሞ ከ1990ዎቹ አጋማሽ በኋላ በየት/ቤቱ የገባው ፕላዝማ ጠበቀን። ፊዚክሱም ኬሚስትሪውም በእንግሊዝኛ ከሳተላይት ይወርዳል። ሙከራው በቴሌቪዥኑ ውስጥ ያምራል፤ ፈሳሹ ቀለሙን ይለውጣል፤ ጠርሙሱን የሚይዘው ግን የሌላ ሰው እጅ ነው። ጥያቄ ይጠየቅና አስበን ሳንጨርስ መልሱ ይመጣል። መብራት የጠፋ ዕለት ትምህርቱም አብሮ ይጠፋል። ፕላዝማው ምንም አልጠቀመም ማለቴ አይደለም፤ የፊዚክስ መምህር ጭራሽ ያልነበረው ት/ቤት ቢያንስ ትምህርቱን በጆሮው ሰምቷል። ሆኖም በዚህ መንገድ ያለፈ ሰው ልጆች ፊት ሲቆም ዕቃ ቢሰጠው እንኳ ቶሎ አይነካውም። ማይክሮስኮፕ ተሰጥቷቸው እንዳይሰበር ብለው ቆልፈው ያስቀመጡ ሰዎች አውቃለሁ።

የዕቃው ጥያቄ በእኛ አልተጀመረም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በየአገሩ ት/ቤቶች ፈርሰው፣ የሳይንስ መሣሪያዎች ተቃጥለው ነበር። በዚያን ጊዜ በለንደን ከተማ ያስተምር የነበረ ጄ. ፒ. ስቴፈንሰን የተባለ መምህር፣ ጦርነት ባወደማቸው አገሮች ላሉ የሳይንስ መምህራን የሚሆን አነስተኛ መጽሐፍ አዘጋጀ። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1948 አሳተመው። መጽሐፉ በጣሳ፣ በጠርሙስ፣ በሽቦና በሻማ የሳይንስ መሣሪያ እንዴት እንደሚሠራ የሚያሳይ ነበር። ከዚያ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1956 የወጣው የዩኔስኮ የሳይንስ ማስተማሪያ መጽሐፍ በብዙ ቋንቋዎች ተተርጉሞ፣ ጦርነት ላልነካቸው ነገር ግን ገንዘብ ለሌላቸው አገሮች ሁሉ መምሪያ ሆነ። እንግዲህ ዛሬ በመላው ዓለም የሚሠራበት በቀላል ዕቃ ሳይንስን የማስተማር ዘዴ ከምንጮቹ አንዱ ት/ቤቱ የፈረሰበት መምህር ነው ማለት ነው።

በአገራችንም ሙከራው አልታጣም። እ.ኤ.አ. በ1972 በመንግሥት፣ በዩኔስኮና በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ስምምነት በባሕር ዳር የተቋቋመው የፔዳጎጂ አካዳሚ ከዓላማዎቹ አንዱ የአንደኛ ደረጃ መምህራንን የሚያሠለጥኑ ሰዎች ማፍራት ነበር። በየት/ቤቱ «የትምህርት ማበልጸጊያ ማዕከል» የሚባል ክፍል ተከፍቶ መምህራን ከካርቶንና ከሸክላ መርጃ መሣሪያ እንዲሠሩ ይበረታቱ ነበር፤ በኋላም ጎረቤት ት/ቤቶች በጉድኝት ተደራጅተው እርስ በርስ እንዲማማሩ ተደርጓል። በ1986 ዓ.ም. ከወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በኋላ ደግሞ ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል ያለው ሳይንስ «የአካባቢ ሳይንስ» ተባለ። ስሙ ጥሩ ስም ነው። ልጁ ከሚያየው ነገር ይጀምር ማለት ነውና።

እዚህ ላይ ግን እኛ አንድ ራሱን የቻለ ችግር አለብን። መጽሐፉ አካባቢ ሲል ደጋ፣ ወይና ደጋና ቆላ ይላል፤ ገብስና ጤፍ፣ ምንጭና ጅረት ይላል። በኅዳር 2013 ዓ.ም. ተከዜን በእናቶቻቸው ጀርባ የተሻገሩት ሕፃናት አሁን ት/ቤት ገብተዋል። እዚሁ የተወለዱትም እየገቡ ነው። ለእነዚህ ልጆች ደጋ ማለት ተረት ነው። አካባቢያቸው ማሽላና ሰሊጥ፣ ሐፊርና ቦኖ፣ የኸሪፍ ጭቃና የበጋ ስንጥቅ መሬት ነው። የአካባቢ ሳይንስ እውነት የአካባቢ ከሆነ መጀመር ያለበት ከዚህ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያውን ትምህርት ከጭቃ ውሃ እንጀምር።

በኸሪፍ ጊዜ ከወንዝ ወይም ከሐፊር የተቀዳ ውሃ ወተት እንደገባበት ሻይ የደፈረሰ ነው። አንድ ባልዲ ከዚህ ውሃ አስመጡና በክፍሉ መካከል አስቀምጡ። ምንም ማብራሪያ ሳትሰጡ «ይህ ጭቃ ከየት መጣ?» ብላችሁ ጠይቁ። አብዛኛው ልጅ «ከወንዙ» ይላል። «ወንዙስ ከየት አመጣው?» ስትሉ ዝም ይላሉ። ይህን ዝምታ አትፍሩት። ወደኋላ እመለስበታለሁ።

መልሱን መምህሩ አስቀድሞ ሊያውቀው ይገባል። ሱዳኖች ሰቲት የሚሉት ወንዝ የእኛው ተከዜ ነው። አትባራ የሚሉት ከጎንደር ምድር የሚነሣው፣ በመተማ በኩል ጓንግ የምንለው ነው። በከሰላ ከተማ በኩል የሚያልፈው ጋሽ ደግሞ ከኤርትራ ደጋ የሚመጣው መረብ ነው። ጋሽ ከዓመቱ የሚበዛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ሆኖ ይከርምና ክረምት ሲገባ በድንገት ይሞላል፤ በሐምሌ 1995 ዓ.ም. ከሰላን ያጥለቀለቀው እርሱ ነበር። እነዚህ ወንዞች በሙሉ የሚሸከሙት ጭቃ ከደጋው የታጠበ አፈር ነው። አፈሩ ምን ያህል እንደሆነ ማወቅ የሚፈልግ ሰው ወደ ግርባ ግድብ ይመልከት። በአትባራ ላይ እ.ኤ.አ. በ1964 ተሠርቶ ሲያልቅ 1.3 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ውሃ እንዲይዝ ነበር የታሰበው። ከዚያ ወዲህ ደለሉ የግድቡን ሆድ ግማሽ ገደማ ወስዶበታል። በየዓመቱ በጎርፉ ጊዜ በሩን ከፍተው ደለሉን ለማጠብ ይሞክራሉ፤ ሙሉ በሙሉ ግን አይወጣም። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ በባልዲው ውስጥ ያለው ጭቃ የአያቶቻቸው ማሳ ሊሆን እንደሚችል ይገባቸዋል። አንዳንዱ ልጅ እጁን ከቶ ይነካዋል። ይንካው።

ቀጥሎ አንድ ሃይላንድ በዚሁ ውሃ ሞልታችሁ፣ አንድ እፍኝ የግቢውን አፈር ጨምራችሁ፣ ክዳኑን ዘግታችሁ በደንብ አራግፉና አስቀምጡት። ከመቀመጡ በፊት «መጀመሪያ ወደታች የሚወርደው የትኛው ነው?» ብላችሁ አስገምቱ፤ ግምቱንም ሰሌዳ ላይ ጻፉት። አሸዋው በአንድ ደቂቃ ውስጥ ይወርዳል። ደቃቁ ደለል ሰዓታት ይፈጅበታል። በጣም የላመው ሸክላ ግን በማግስቱም፣ በሠልስቱም ውሃው ውስጥ ተንሳፎ ይገኛል። ጎንደሬዎች ዋልካ፣ ሌሎች መረሬ የሚሉት፣ የገዳሪፍን ሜዳ የሸፈነው ጥቁር አፈር አብዛኛው ይኸው ሸክላ ነው። ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ የቤታችን ግድግዳ የሚተረተረው፣ የመጸዳጃ ጉድጓዳችን የሚናደው በዚህ ምክንያት ነው። ይህንንም ልጆቹ ከቤታቸው ያውቁታል፤ ሳይንስ መሆኑን ግን የነገራቸው የለም።

አሁን ሦስት ሃይላንድ አዘጋጁ። በሦስቱም ላይ አንድ ዓይነት ድፍርስ ውሃ፣ እኩል መጠን ይሁን። የመጀመሪያውን እንዲሁ ተዉት። የሁለተኛውን በአራት የታጠፈ ነጠላ አጥልሉት። በሦስተኛው ላይ የሽፈራው ፍሬ እንጨምራለን።

ሽፈራው በእኛ አገር በኮንሶና በጋሞ አካባቢ ቅጠሉ የሚበላ ዛፍ ነው። በሱዳን የሚገኘው የቅርብ ዘመዱ ሲሆን በዐረብኛ «ሸጀረት አር-ረዋቅ» ይሉታል፤ የሚያጠራ ዛፍ ማለት ነው። የሱዳን ሴቶች የአባይን ውሃ በዚህ ፍሬና በልዩ ሸክላ አፈር ሲያጠሩ ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ሱዳን የነበሩ ሳሚያ አል-አዝሃሪያ ያን የተባሉ ተመራማሪ የሴቶቹን ሥራ ተከታትለው ለዓለም ሳይንስ አስተዋወቁት። እዚህ ላይ ሴት ልጆቻችን ልብ እንዲሉ አድርጉ። ውሃ የሚቀዱት እነርሱ ናቸው፤ ክፍል ውስጥ ግን ስለ ውሃ እጅ የሚያወጡት ወንዶቹ ናቸው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ለአንድ ሊትር በጣም ለደፈረሰ ውሃ ሁለት የበሰለና የደረቀ ፍሬ ይበቃል። ቅርፊቱን ልጣችሁ ነጩን በሙቀጫ አልሙት። በጥቂት ንጹሕ ውሃ በጥብጣችሁ አምስት ደቂቃ ያህል ካራገፋችሁት በኋላ በጨርቅ አጥልሉና ነጩን ውሃ ጠርሙሱ ውስጥ ጨምሩት። አንድ ደቂቃ በፍጥነት፣ ከዚያ አምስት ወይም አሥር ደቂቃ በዝግታ አማስሉት። ከዚያ ሳይነካ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ይቀመጥ። በመካከሉ ሒሳብ አስተምሩ።

ስትመለሱ ነጠላው ገለባውንና ቅጠሉን እንጂ ሸክላውን እንዳልያዘ ታያላችሁ። በሽፈራው ጠርሙስ ግን ጭቃው ተጠቃልሎ ከታች ተኝቷል። ምክንያቱ ይህ ነው፤ የሸክላ ቅንጣቶች ሁሉም አንድ ዓይነት የኤሌክትሪክ ሙል ስላላቸው እርስ በርስ ይገፋፋሉ፣ ስለዚህም አይሰባሰቡም። በፍሬው ውስጥ ያለው ፕሮቲን ተቃራኒ ሙል አለው፤ ቅንጣቶቹን እየያዘ ያያይዛቸዋል፤ ሲከብዱ ይወርዳሉ። ለ3ኛ ክፍል «ያያይዛቸዋል» ማለት ይበቃል። ለ7ኛ ክፍል ግን ሙሉውን ንገሯቸው። በከተሞች የውሃ ማጣሪያ የሚጨመረው፣ ዐረቦች ሸብ የሚሉት አሉምም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው።

መምህራን ሆይ፣ ትምህርቱ እዚህ ላይ ቢያበቃ ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል። ልጁ የጠራውን ውሃ አይቶ ወደ ቤቱ ሮጦ ይጠጣዋል። በመስከረም 2016 ዓ.ም. በገዳሪፍ፣ በዚያው ዓመት ነሐሴ ደግሞ በከሰላ ኮሌራ መግባቱ የታወጀውን ሁላችንም እናስታውሳለን። ስለሆነም የትምህርቱ ዋና ክፍል የሚከተለው ነው። ሁለት ብርጭቆ የቦኖ ውሃ አምጡ። ልጆቹ ሳያዩ በአንዱ ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው አሟሙበት። «ልዩነት አላቸው?» ስትሉ በአንድ ድምፅ «የላቸውም» ይላሉ። ከዚያ አንድ ልጅ ሁለቱንም ይቅመስ። ፊቱን ሲያጨማድድ ክፍሉ ይስቃል። ዓይን ያላየው ነገር በውሃ ውስጥ እንደነበረ ያን ጊዜ ይገባቸዋል። የኮሌራ ተሕዋስም እንደ ጨው አይታይም፤ ከጨው የሚለየው የማይቀመስ መሆኑ ነው።

ከዚያ በኋላ ሽፈራው ምን ሠራ፣ ምን አልሠራም የሚለውን ግልጽ አድርጉ። ፍሬው ከጭቃው ጋር ከተሕዋሱ ብዙውን ይዞ ይወርዳል፤ ሁሉንም ግን አያስወግድም። ስለዚህ የጠራው ውሃ በክሎሪን መታከም ወይም መፍላት አለበት። ታዲያ በቀጥታ ድፍርሱ ላይ ክሎሪን ብንጨምርስ? ይህን የሚጠይቅ ልጅ ካለ አመስግኑት። ክሎሪን ከጭቃውና ከቆሻሻው ጋር እየተዋጋ ኃይሉ ያልቃል፤ ተሕዋሱም በጭቃው ተሸፍኖ ይተርፋል። መጀመሪያ ማጥራት፣ ቀጥሎ ማከም የሚባለው ለዚህ ነው። በአገር ቤት «ውሃ አጋር» የሚባለውን ጠርሙስ የሚያስታውሱ እናቶች መመሪያው ላይ የደፈረሰ ውሃ ይጠለል የሚል እንደነበረ ያውቃሉ። ከቦኖ የሚቀዳ ክሎሪን የገባበት ውሃም በቆሸሸ ጀሪካን ወይም እጅ በገባበት ጣሳ መልሶ ይበላሻል። ይህን ለማሳየት አንድ ልጅ መዳፉን በከሰል ብናኝ አሽታችሁ ከጎኑ ያለውን ይጨብጥ፣ ያም ቀጥሎ ያለውን። ጥቁሩ ስንተኛው ልጅ ጋ እንደደረሰ ይቆጠር። ከዚያ በውሃ ብቻ፣ ቀጥሎም በሳሙና ወይም በአመድ ይታጠቡና ያወዳድሩ።

በዚሁ አጋጣሚ ለትልልቆቹ የሕይወት አድን ንጥረ ነገር አሠራርን አስተምሩ፤ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ላይ ስድስት ልክ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ነው። ልክ ማለት ያልተቆለለ ማለት ነው። ጨው ሲበዛ ሕፃኑን ይጎዳል፤ ስለዚህ መለካት ለምን እንደሚያስፈልግ ለማስተማር ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የለም። የታመመውን እያጠጡ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ እንደሚገባም አብሮ ይነገር።

አሁን ስለ ዝምታው። እኛ ጥያቄ ጠይቀን ሁለት ሴኮንድ ሳንቆይ ራሳችን እንመልሳለን። ወይም ሁልጊዜ እጁን የሚያወጣውን አንዱን ጎበዝ እንጠራለን። በልባችሁ እስከ አሥር ቁጠሩ። መጀመሪያ ላይ ያስጨንቃል። ከዚያ ከኋላ የተቀመጠው፣ ስሙን እንኳ በደንብ ያልያዛችሁት ልጅ «ቲቸር፣ ጭቃው ይከብዳል እንዴ?» ይላል። ይህ ከሰሌዳ ከተገለበጠ አሥር ገጽ ይበልጣል። ስህተት ግምት ሲመጣም «አይደለም፣ ተቀመጥ» አትበሉ። «እስኪ እንየው» በሉ። መልሱን የማታውቁት ጥያቄ ከመጣም ያው «እስኪ እንየው» ያገለግላል። አንዳንድ መምህራን «አላውቅም ካልን ልጆቹ ይንቁናል» ይላሉ። እኔ ግን ልጅ የሚንቀው የማያውቀውን ያወቀ መስሎ የሚቆጣውን መምህር ይመስለኛል።

ሁለተኛው ትምህርት ስለ ዚር ነው። ሱዳኖች በየደጃፉ የሚያስቀምጡት ይህ የሸክላ ጋን ያለ መብራት ውሃ ያቀዘቅዛል። ውሃው በሸክላው ቀዳዳዎች በኩል ወደ ውጭ ይወጣል፤ ሲተን ከጋኑ ሙቀት ይወስዳል። ለማሳየት ሁለት ሃይላንድ እኩል ውሃ ሞልታችሁ አንዱን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሉና ሁለቱንም ነፋስ ባለበት ጥላ ሥር አስቀምጡ፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ልጆቹ በጉንጫቸው ይንኩት። ከዚያ ይህን ጥያቄ ለቤት ሥራ ስጡ፤ «ዚር በመጋቢት እንደሚያቀዘቅዘው በነሐሴ ለምን አያቀዘቅዝም?» እናቶችን ጠይቀው ይምጡ። በኸሪፍ አየሩ ራሱ እርጥብ ስለሆነ ትነቱ ይቀንሳል። ሞሐመድ ባህ አባ የተባለ የናይጄሪያ መምህር ይህንኑ ዕውቀት ይዞ፣ አንዱን ሸክላ በሌላው ውስጥ አድርጎ በመካከሉ እርጥብ አሸዋ በመጨመር አትክልት ማቆያ ሠራ። እ.ኤ.አ. በ2000 ዓለም አቀፍ ሽልማት አስገኝቶለታል፤ በዳርፉርም ሴቶች ሠርተው ሸጠውታል። ቲማቲም ቸርቻሪ ጎረቤት ያላችሁ ይህን ንገሯቸው።

በነገራችን ላይ በኸሪፍ በረዶ የተጨመረበት ሃይላንድ ውጪው ሲያልበው ልጆች «ውሃው ሾልኮ ወጣ» ይላሉ። በውስጡ ከርከዴ ጨምሩበት። ከውጭ ያለው ጠብታ ቀይ አይሆንም። እንግዲህ ከየት መጣ? ከርከዴው ካለ ደግሞ አትድፉት፤ ሎሚ ሲጨመርበት ይበልጥ ይቀላል፣ የአመድ ውሃ ሲጨመርበት ወደ አረንጓዴ ይለወጣል። የ7ኛ ክፍል የአሲድና የቤዝ ትምህርት በዚህ ይሸፈናል።

ቴክኖሎጂ የሚለው ቃል ሲነሣ ብዙ ሰው የሚያስበው ኮምፒዩተር ነው። ኮምፒዩተር ቢመጣ ደስ ይለናል። እስከዚያው ግን ከሦስት ጉልቻ የተሻለ ምድጃ መሥራት ቴክኖሎጂ ነው። በአገራችን በ1980ዎቹ የተስፋፋው «ምርጥ» የተባለው የእንጀራ ምድጃ እሳቱን በመከለል ብቻ ከተከፈተ እሳት ጋር ሲነጻጸር እስከ ግማሽ የሚደርስ ማገዶ እንዲቆጥብ ተደርጎ የተሠራ ነው። እንጨት ፍለጋ ርቀው የሚሄዱ እህቶቻችን ምን እንደሚያጋጥማቸው እዚህ መጻፍ አያስፈልግም፤ ሁሉም ያውቀዋል። የ6ኛ ክፍል ልጆች በዋልካና በገለባ ምድጃ ሠርተው፣ እኩል ውሃ በእኩል እንጨት አፍልተው፣ በሞባይል ሰዓት ቢለኩ ሒሳቡም ሳይንሱም እጅ ሥራውም አንድ ላይ ይሄዳል። እሳቱን የሚያቀጣጥለው መምህሩ ብቻ ይሁን፤ ከራኩባውና ከሣር ቤት ርቆ ይሁን።

ስለ ቋንቋ አንድ ነገር ልበል። ክፍላችን ውስጥ ትግርኛም አማርኛም ዐረብኛም አለ። ትነት፣ ዝቃጭ፣ ተሕዋስ የሚሉትን ቃላት ማስተማር አለብን፤ ነገር ግን ነገሩን ካሳየን በኋላ ይሁን። ልጁ ያየውን በአፉ በመጣለት ቋንቋ ይናገር፤ ቃሉን ቀጥሎ እንሰጠዋለን። ቃሉን አስቀድሞ የሰጠ ነገሩን ሳያሳይ ደወል ይደወልበታል።

የመምህራን ሥልጠና ሲባል ብዙ ጊዜ የምናየው ሠልጣኝ ተቀምጦ ሠልጣኝ ያልሆነ ሲናገር ነው። አሳታፊ ዘዴ ስለተባለ ነገር ሦስት ቀን ሙሉ ያለ አንዳች ተሳትፎ ሰምተን፣ የምስክር ወረቀት ይዘን የተመለስንበት ጊዜ አለ። እኛ አሁን ዓርብ ዓርብ፣ ት/ቤት በማይኖርበት ቀን የምንገናኘው በሌላ መንገድ ነው። አንዱ መምህር በሳምንቱ የሚያስተምረውን ሙከራ ይዞ ይመጣል፤ ሌሎቻችን ተማሪ ሆነን እንቀመጣለን፣ እንደ ልጅ እንጠይቃለን፣ አንዳንዴም እንደ ልጅ እንረብሻለን። በሽፈራው ትምህርት ላይ አንዲት መምህርት «የሦስቱ ጠርሙሶች ጭቃ እኩል መሆኑን በምን አወቅን?» ብላ ጠየቀችና ውሃው ከመቀዳቱ በፊት ባልዲው መማሰል እንዳለበት የተረዳነው ከዚያ ነው። ሲያልቅ አስተያየት የምንሰጠው በሁለት ነገር ላይ ብቻ ነው፤ ልጁ በእጁ ምን ነካ፣ መምህሩ ስንት ጊዜ ዝም ብሎ ጠበቀ። ስለ አለባበስና ስለ ጽሕፈት ማማር አንነጋገርም።

ሰባ ሰማንያ ልጅ በሚቀመጥበት ክፍል ይህ እንዴት ይሆናል ለሚለው፣ ለስምንት ለስምንት ልጅ አንድ ሃይላንድና አንድ መሪ ይበቃል። መሪዎቹን አንድ ቀን ቀደም ብላችሁ ለብቻቸው አሠሯቸው። ጫጫታ ይኖራል። ርዕሰ መምህሩን አስቀድማችሁ አስታውቁ።

በሚቀጥለው ዓርብ የምንሠራው የምድጃውን ትምህርት ነው። የምትመጡ መምህራን እኩል የሆኑ ሁለት ድስቶችና በአንድ ልክ የተቆረጠ ደረቅ እንጨት ይዛችሁ፣ ፀሐይ ሳይበረታ ከት/ቤቱ ጀርባ ባለው ገላጣ ቦታ እንድትገኙ። ሚዛኑን አንድ ባለሱቅ ለማዋስ ቃል ገብተዋል። የሽፈራው ፍሬ የተረፈው በጣሳ ሆኖ በት/ቤቱ ጽ/ቤት ተቀምጧል፤ የሚያስፈልጋችሁ ለክፍላችሁ የሚበቃውን ቆጥራችሁ መውሰድ ትችላላችሁ።